ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት

አንዲት የማሽላ ፍሬ ቆርቆሮ ሳህን ላይ ስትወድቅ የምታሰማውን ድምፅ ብዙ ዘመን ሳልሰማው ኖሬ፣ ባለፈው ሰሞን ከልጄ ከሂክማ ስልክ ውስጥ ሰማሁት። ጠብ የምትል፣ አጭርና ደረቅ ድምፅ ናት። ወጥ እያማሰልኩ ነበርና ማማሰያውን እንደያዝኩ ዞር ስል፣ ልጄ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ብሮውዘር የሚከፈት የቃል ጨዋታ ትጫወታለች። ማውረድ የለው፣ መመዝገብ የለው፣ ክፈሉ የሚል የለው። ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ፊደል ትሞላለች፤ ፊደሉ ልክ ሲሆን ያ ድምፅ ይወጣል።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ቆሜ ቀርቼ ኖሯል።

«ምንም። ተጫወቺ» አልኳት። ያን ጊዜ ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ግራ በኩል ባለ መንደር ነው። አባቴ ያሲን የውሃ አባት ነበር። በእኛ ቆላ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን ለማሽላ አይበቃም፤ ማሳውን የሚያጠግበው ክረምት ላይ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ ሜዳውን አቋርጦ የሚያልፈው ጎርፍ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ገበሬው ሁሉ በየቦዩ አፍ ላይ ዶማውን ይዞ ይቆማል፣ የውሃ አባቱም ጎርፉ ወደ ቦዮቹ ከሚጠለፍበት መጥለፊያ ላይ ሆኖ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ቦዩን ከፍቶ ያጠጣና ሌላው ሲጠራ ይዘጋል። ጎርፍ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ያልፋል፤ ስም ከተዛነፈ ሰው ዱላ ይማዘዛል። ስለዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚመርጠው ሀብታሙን ሳይሆን ድምፁ የጎላውን፣ የማያደላውንና ስም የማይስተውን ነበር። የአባ ድምፅ ከመጥለፊያው እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር።

በመኸር፣ ማሽላው ተቆርጦ አውድማ ላይ ሲከመር፣ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ጥለን ወደዚያው እንሮጥ ነበር። ነጩን ለብቻ ቀዩን ለብቻ እየለየን፣ ገለባው አንገታችን ውስጥ እየገባ ሲያሳክከን እያከክን፣ እስከ መግሪብ እንቆይ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ በመጣው መኸር፣ አባ በላይዳ ማሽላውን ወደ ነፋሱ እየወረወረ ሳለ ድንገት ቆመ። የማሳ ጎረቤታችንን ሞላን ሊጠራ አፉን ሲከፍት አየሁት። ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልነበረም። ከዚያ ላይዳው ወደቀ፣ እሱም ተከትሎት ተንበረከከ።

ሰዎች ምች ነው አሉ። ወልድያ ወስደውት ሰንብቶ ሲመለስ ቀኝ እጁ ዝሏል፣ እግሩን ይጎትታል። ያን ዕለት አቅፈን ወደ ቂብላ አዙረን አስቀመጥነው፤ እሱም ቢስሚላህ ብሎ ጀምሮ ፋቲሃን እስከ መጨረሻው አንድ ፊደል ሳይስት ቀራ። እኔ ዳነ ብዬ እያለቀስኩ ነበር። ሰላቱን አብቅቶ ወደ እማ ዞረና አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። የሚስቱን ስም አጥቶት ነበር። የውሃውን ስም አጥቶት ነበር። እማ ኩባያውን አቀበለችውና እኔን አየችኝ።

«አላህ የራሱን ቃል አላስረሳውም» አለች። «የቀረውን እኛ እንፈልግለታለን።»

እማ ብዙ አትናገርም ነበር። አንዴ ከተናገረች ግን አትመለስም።

በጋው የጠያቂ ወቅት ሆነ። በእኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ መደቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይሞላው ነበር። ሁሉም ከልቡ ያዝናል፣ ሁሉም ሊረዳ ይፈልጋል። አባ አንድ ቃል ሊያወጣ «ው… ው…» ሲል ቤቱ ይናጋ ነበር።

«ውሃ! ውሃ ስጡት!» ይላል አንዱ።

«ኧረ ወደ ውጭ ነው የሚለው፣ ደግፉት!» ይላል ሌላው።

«ወይፈኑን ነው እንጂ! ወይፈኑ እንዴት ነው እያለ እኮ ነው!» ይላል ሦስተኛው።

ሰዉ ሲከራከር አባ አፉን ይዘጋና ግድግዳውን ያይ ነበር። ጥር ሲወጣ መሞከሩን ተወው።

ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የጤና ባለሙያ አባን ሊያይ ቤት ድረስ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ እማን እንዲህ አላት፦ «ቃሎቹ አልጠፉም። መንገዱ ነው የተዘጋው። ራሱ እየፈለገ ካልሄደበት መንገዱ አይከፈትም፤ እናንተ ደግሞ እያዘናችሁ ታቋርጡታላችሁ።»

እማ በማግስቱ ሰው መደቡን እስኪሞላ ጠብቃ መሐል ቤት ቆመች።

«የገባ ሁሉ ይስማ። ከዛሬ ጀምሮ ቃል ከአፉ የሚነጥቅ ሰው ከቤቴ እህል አይቀምስም።»

ሁዳዴ ገብቶ ነበርና ሞላ ሳቀ። «እኔስ ፋጤ? እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ፤ ድሮስ ምን ልቀምስ!»

«አንተ ደግሞ አፍህን ጹም» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው አፉን ከፈት ሲያደርግ እማ ከጓዳ ሆና «ተው፣ ይፈልገው» ትል ነበር። ያቺ ቃል የቤታችን ዜማ ሆነች። ዝምታው ረጅም ነበር። ለሚጠይቁን ሰዎች ከባድ ነበር፤ እጃቸውን እያሻሹ፣ ጣራ እያዩ፣ አንዳንዱም ላብ እያጠመቀው ይጠብቁ ነበር።

እኔ ቆቦ እማር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ገነት የምትባል የእንግሊዝኛ መምህራችን፣ መብራትና ኔትዎርክ አብረው በሚገኙባቸው ቀናት ያረጁት ኮምፒውተሮች ያሉበትን ክፍል ትከፍትልን ነበር። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል፤ እኛ ግን እየተገፋፋን እንገባ ነበር። በብሮውዘሩ ላይ የቃል ጨዋታዎች ትከፍትልናለች። በፊደል መስክ ውስጥ የተደበቁ ቃላት የሚለቀሙበት ነበር፤ ፍቺ እያነበቡ አግድምና ቁልቁል የሚሞላ ነበር፤ አንድ ስውር ቃል በባዶ ሳጥኖች የሚገመትበትም ነበር።

«ነፃ ናቸው፤ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም» ትለን ነበር። «አንዱ ካስጠላችሁ ሌላውን ሞክሩ። ብትሳሳቱም የሚስቅባችሁ የለም።»

እኔ የወደድኩት የመጨረሻውን ነው። ፊደል ስሞላ ልክ ከሆነ አንድ ቀለም ይቀባዋል፣ ፊደሉ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ሌላ ቀለም፣ ከሌለ ደግሞ ያደበዝዘዋል። አንድ ቀን የመጣልኝ ቃል አስቸግሮኝ፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ብዙ ስቆይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች እንደምትጠብቀኝ አስተዋልኩ። ኮምፒውተሩ «ይሄን ነው የምትይው?» አላለኝም። አልቸኮለም። አላዘነልኝም። አባን አሰብኩ።

«ቲቸር፣ በአማርኛ የለም?» አልኳት።

ፈልጋ ፈልጋ አጣች። «ለምን ፈለግሽው ሰዓዳ?»

ነገርኳት። የፊደል ገበታ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሳጥን ለመሣል ኮምፒውተር አያስፈልግም» አለች።

ያን ዕለት እስኪመሽ አልጠበቅሁም፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በከሰል ግድግዳው ላይ ሳጥን ሣልኩ። አባ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማንበብ ተምሮ ነበር። ገበታውን ፊቱ ሰቀልኩለት፣ የቃሉን ፍቺ እነግረዋለሁ፣ እሱ በግራ እጁ ፊደል ይጠቁማል፣ እማ የቆርቆሮ ሳህን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገቡ ትቀመጣለች። ፊደሉ ልክ ከሆነ ነጭ የማሽላ ፍሬ፣ ፊደሉ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቀይ፣ ከሌለ ደግሞ ገለባ። እማ ማንበብ አትችልም ነበርና እኔ «ነጭ» ስላት ነጭ ትጥላለች፣ «ቀይ» ስላት ቀይ። ፍሬ ሲወድቅ ጠብ ይላል። ገለባ ድምፅ የለውም። ሳጥኑ ሲሞላ ደግሞ አባ ቃሉን በአፉ ማውጣት ነበረበት፤ ሕጉ እሱ ነበር።

በመጀመሪያው ሰሞን ሳህኑ ላይ የነበረው ገለባ ብቻ ነው። አንድ ቀን አባ ተናዶ ሳህኑን በግራ እጁ መትቶ በተነው። እማ ተንበርክካ ነጩን ከቀዩ እየለየች ለቀመች፣ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ መለሰችና «ቀጥል» አለችው። እሷን አየ፤ ጣቱንም ወደ ገበታው መለሰ።

የመጀመሪያዋ ቃል የወጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ሳጥን ነበር። «ጨው» አለ አባ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ጥርት አድርጎ።

እማ ዓይኗን እየጠረገች «ይኸውላችሁ! አንደበቱ የተፈታው ወጥሽ ጨው አነሰው ሊለኝ ነው!» አለች። በልግ እስኪገባ ጨው፣ ፍየል፣ ቁልፍ፣ ፋጤ፣ ሰዓዳ ሁሉም እየተራቸው መጡ። አንዳንዱ መጥቶ ይጠፋል፤ በማግስቱ እንደገና እንፈልገዋለን።

በልጉ ያን ዓመት ጥሩ ዘነበ። ሰው ሲያርስ እኛ ከቤታችን ግድግዳ ጋር እንታገል ነበር። ከሰኔ በፊት የተራ ባለቤቶቹን ስም ማውጣት አለበት ብለን ቆርጠን ነበርና ሳጥኖቹ ሁሉ የሰው ስም ሆኑ። እዚያ ላይ ግን አባ እንግዳ ነገር ያደርግ ጀመር። «ጎረቤታችን፣ ሳቂታው» ብዬ የሞላን ስም ስጠይቀው፣ ብዙ ቆይቶ «ዳለቻ» ይላል። ዳለቻ የሞላ በሬ ነው። «አይደለም አባ» እላለሁ፤ እማ ገለባ ትጥላለች። ከመጥለፊያው ቅርብ ማሳ ያለውን ወጣቱን አደምን ስጠይቀው «ጉራች» ይላል። ጉራች የአደም በሬ ነው። እንደገና ገለባ። አባ ገለባውን አይቶ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እማ ግን አንድ ቀን ገለባውን በጣቶቿ መሐል ይዛ ሳትጥለው ብዙ ቆየች። ያሰበችውን አልነገረችኝም።

ሰኔ ላይ ገበሬዎቹ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አባ በትሩን ተደግፎ ሄደ፤ እኔ በርጩማውን ይዤ ተከተልኩት። አደም ተነሣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነበር።

«የአያ ያሲን ክብር እንዳለ ነው። ግን ጎርፍ ሰው አይጠብቅም። ስም ከዘገየ ውሃችን ሜዳውን አልፎ አፋር በረሃ ነው የሚገባው። እኛም ልጆች አሉን።»

ሞላ ጢሙን እያሻሸ «እውነትህን ነው» አለ። «የመጀመሪያውን ጎርፍ ግን ይሞክር። ስም መጥራት ካቃተው የውሃ አባትነቱን በትር በራሱ እጅ ያስረክብሃል። እስከዚያ አጠገቡ ቁም።»

ሁሉም ወደ አባ ዞሩ። አባ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ወደ ቤት ስንመለስ በትሩን ከመሬት ጋር እያላተመ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ሄደ። ለእማ የተባለውን ስነግራት «ሳህኑን አምጪ» አለች።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከአሱር ሰላት በኋላ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይኖር፣ ከተራራው በኩል እንደ ብዙ መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣ። «መጣ! መጣ!» እየተባለ መንደሩ ሁሉ ዶማውን ይዞ ወጣ። አባ በትሩን አንሥቶ ወጣ፤ እማ ነጠላዋን አጥብቃ ተከተለችው፣ እኔም እሷን ተከተልኩ። ሴቶች መጥለፊያው ላይ አይቆሙም ነበር፤ ያን ቀን ግን እማን ተመለሺ ያላት ሰው የለም።

ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ድንጋይ እያንከባለለ ደረሰ። የመጀመሪያው ተራ የሞላ ነበር። አባ በትሩን ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ከንፈሩ ገጠመ፣ ተከፈተ። ግድግዳችን ላይ ያን ስም ስንቴ እንደጻፍነው እኔ አውቃለሁ፤ በዚያ ጩኸት መሐል ግን ተነነ። አደም ፊቱን ወደ ሞላ ቦይ አዙሮ ለመጥራት አየር ሳበ።

«አደም!» አለች እማ ከኋላ። «ተው፣ ይፈልገው።»

አደም አፉን ዘጋ። ውሃው ያልፋል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ፊደሎቹን በልቤ እየጠራሁ ነበር።

«ዳለቻ!» አለ አባ።

ድምፁ ያ የድሮው ድምፅ ነበር፤ እስከ አስፋልቱ የሚሰማው። እኔ ግን ሳህኑ ላይ ገለባ ሲወድቅ ታየኝ። ከዚያ ከሞላ ቦይ በኩል ሳቅ ፈነዳ።

«አቤት! ዳለቻ እዚህ አለ!» አለና ሞላ አፈሩን በዶማው ናደው። ውሃው ወደ ማሳው ዞረ።

ሳቁ በመስመሩ ላይ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ሄደ። በእኛ ሜዳ የጎረቤቱን በሬ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ በሬው ከተጠራ ባለቤቱ ተጠርቷል። «ጉራች!» አለ አባ። አጠገቡ የቆመው አደም ሊተካው መምጣቱን ረስቶ «አቤት!» ብሎ ወደ ቦዩ በረረ። «ቡሬ!» «አቤት!» «ወይኖ!» «አቤት አያ ያሲን!» አንድም ተራ አልተዛነፈም። እማን ቀና ብዬ ሳያት ፈገግ ብላ ነበር፤ ከገለባው ጋር ቆይታ ያሰበችው ይሄን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ውሃው እየሳሳ ሲመጣ የቀረው የዘሀራ ተራ ብቻ ነበር። ዘሀራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በሬ አልነበራትም፣ ማሳዋንም ሞላ በራሱ በሬ ነበር የሚያርስላት። ቦይዋ አፍ ላይ ዶማዋን ይዛ ቆማለች። አባ አያት። የሚጠራው በሬ የለም።

የማን ተራ እንደሆነ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ስሟን ማንም ቢጠራ ይበቃ ነበር። ማንም አልጠራም። ሞላ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። አደም ውሃውን ያያል፣ አባን ያያል፣ ውሃውን ያያል። ዘሀራ ራሷ፣ ማሽላዋ የዓመት ጉርሷ ሆኖ ሳለ፣ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ «እኔ ነኝ» አላለችም። ቤታችን መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠው የተማሩትን ዝምታ ይዘው፣ ከውሃቸው ጋር ቆመው ጠበቁት።

«ዘ…» አለ አባ። ላቡ እየወረደ ዓይኑን ጨፈነ። «ዘሀራ።»

አልጮኸም፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«አቤት አያ ያሲን!» አለች ዘሀራ፤ ቦይዋንም ከፈተች። የቀረው ውሃ ለማሳዋ በቃ።

አደም ከጭቃው ወጥቶ መጣና የአባን በትር የያዘውን እጅ ሳመ፤ በትሩን ግን አልተቀበለም። እማ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

አባ ከዚያ በኋላ ለብዙ ክረምት ውሃ ጠራ። የሰዎቹ ስም ቀስ በቀስ ቢመለስለትም ገበሬዎቹ ግን በበሬያቸው መጠራትን ወደዱት። «አያ ያሲን፣ ቡሬን እኮ ሸጥኩት፤ ዘንድሮ ማን ልባል?» እያሉ ያስቁት ነበር። ሲደክመው በትሩን ለአደም በገዛ እጁ ሰጠው። አሁን ሁለቱም፣ አባም እማም፣ የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ዛሬ ያ ሜዳ ብዙ ተለውጧል። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይለማበታል፤ ተራ የደረሰው ሰው በስልክ ይደወልለታል። ገነት ፈልጋ ያጣችው የአማርኛ የቃል ጨዋታም ይኸው ልጄ መዳፍ ላይ አለ፤ በነፃ። የምትወዳቸውን አሳየችኝ። የሚለቀመው አለ፣ አግድምና ቁልቁል የሚሞላው አለ፣ የሚገመተውም አለ። ልጅ ላለው፣ ቃል የጠፋበትን ሰው ለሚያስታምም ሁሉ፣ ሞክሩት እላለሁ። ኔትዎርክ ሲጠፋ ደግሞ ግድግዳና ከሰል አለ።

እኔም ስልኩን ተቀብዬ አንዴ ሞከርኩ። የመጀመሪያ ቃሌን «ዳለቻ» ብዬ ሞላሁ። ጨዋታው ይህን ቃል አላውቀውም ብሎ መለሰልኝ። ስቄ ለሂክማ መለስኩላት። እሷ ገመተች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ገመተች፤ አንድ ሳጥን ቀራት። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየና «ይሄማ ቀላል ነው፣ እሱ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ተው» አልኩት። «ትፈልገው።»

አየኝ፤ ከዚያ ደፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ወጡን ከእሳቱ አወረድኩ። ሦስታችንም ዝም ብለን ጠበቅን፤ ጠብ አለ።